በደጃችን የሚያልፈው ውሃ

ውድ ምራቴ፣

"ውድ" የሚለውን ስታዪ ሳቅሽ እንደሚያመልጥሽ አውቃለሁ። ሳቂ፤ እዚያ ግቢ ሳቅ እንደ ልብ አይገኝም ሲሉ እሰማለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ "አንቺ ልጅ" እንጂ ሌላ ብዬሽ አላውቅም። አሁን ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን እጄ ሌላ ቃል አልጽፍ አለኝ። እንደተጻፈ ተቀበይው።

የምጽፍልሽ ለጥየቃ መምጣት ታክቶኝ አይደለም። የመጠየቂያውን ቦታ ታውቂዋለሽ። በእኛና በእናንተ መካከል ሁለት አጥር፣ በአጥሮቹ መካከል ወዲያ ወዲህ የምትል ጠባቂ፣ ግራና ቀኝ ጉዳዩን እየጮኸ የሚያወራ ሰው። ባለፈው "ሚጢጢ ጥርሷ ወለቀ!" ብዬ ስጮኽ ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ብለው መለሱልኝ። እንዲህ ባለ ቦታ የልጅ ጥርስ ይወራል እንጂ የሆድ አይወራም። ደግሞም የምነግርሽን በአካል ብነግርሽ ገና አፌን ስከፍት ታስቆሚኛለሽ። ከዚህ በፊትም አስቁመሽኛል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ይህን ደብዳቤ ካንቺ በፊት ጠባቂዎቹ እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ ያንብቡት። ከእንግዲህ የምደብቀው ነገር የለኝም።

ነገሩ ይሄ ነው። ፖሊሶቹ የመጡ ዕለት እጄን ጨብጠሽ "እማማ፣ ለሚጢጢ ሲሉ ዝም ይበሉ" ብለሽ አስማልሽኝ። ዝም አልኩ። ችሎት ላይ ዝም አልኩ፤ ስምንት ዓመት ሲፈረድብሽም አጠገቤ ያለውን አግዳሚ ወንበር ይዤ ዝም አልኩ። ሰው "ዝም አይነቅዝም" ይላል። የኔ ግን ነቀዘ። እንዴት እንደነቀዘ ልንገርሽና ከዚያ እንደ ልብሽ ተናደጂ።

ወደ ቤቴ ስትገቢ አልወደድኩሽም፤ ይህን ታውቂዋለሽ፣ እኔም ደብቄሽ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝና ስለ ንጹሕ አንሶላ እኔን የሚያስተምረኝ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። አንቺ ደግሞ የሰው ልብስ አጥበሽ የምታድሪ፣ በክንድሽ የምትኮሪ ልጅ። የመጀመሪያው ጠባችን በልጄ አልነበረም፤ በአንሶላ ነበር። በሁለት ጫፍ ይዘን ስንጨምቅ ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ ጠመዘዝንና ጠብታ ሳይወጣው ቀረ። "እርስዎ ወደዚያ ያዙሩት" አልሽኝ። "አንቺ አዙሪ" አልኩሽ። አንሶላውን እንደያዝን ተፋጠጥን። ልጄ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ እቤት ተቀምጦ ይስቅ ነበር።

ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ መንገድ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለው። በአንደኛው ጫፍ እኛ ነበርን። በሌላኛው ጫፍ ማን እንዳለ ሁለታችንም ሳንነጋገር አወቅን። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ በኋላ መኪናው እዚህ አካባቢ ሲበላሽበት ብቻ ሆነ። ያኔ ልትሄጂ ትችይ ነበር። ወጣት ነሽ፣ ክንድ አለሽ። አንቺ ግን ሚጢጢን አዝለሽ ልብስ ማጠብሽን ቀጠልሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ የእኔን እግር በሞቀ ውሃ ማሸት ጀመርሽ። አመስግኜሽ አላውቅም። እየተነጫነጭኩ እግሬን እሰጥሽ ነበር።

አሁን ስለ ዳገታችን ልጻፍ። ለአንቺ ምኑን እገልጽልሻለሁ፤ ግን ችሎት ላይ ማንም ስላልጠየቀ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ። ዳኛው ዕድሜሽን ጠየቁሽ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረስሽ ጠየቁሽ፣ ባል እንዳለሽ ጠየቁሽ። "አለኝም የለኝምም" ስትዪ ሰው ሳቀ። ውሃ ከየት እንደምትቀጂ የጠየቀሽ ግን አልነበረም። የችሎቱ ቤት ያለው ሜዳ ላይ ነው። እዚያ ቁጭ ላለ ሰው ቧንቧ ማለት ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ነው፣ ሲጠመዝዙት የሚፈስ።

የእኛ ቧንቧ ያለው ከዳገቱ ግርጌ ነው። ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረዱ ቀላል ነው፤ ልጆችም እየዘለሉ ይወርዱታል። ሞልቶ በጀርባ ተሸክሞ መመለሱ ነው ሰውን ሰው የማያሰኘው። ድንጋዩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ የሚጨበጥ ነገር የለም፣ ገመዱ ትከሻ ይበላል። የሰፈራችንን ሴት ከሩቅ በአካሄዷ ትለያታለሽ፤ ጉልበቷን አታጥፈውም። በሌላ በኩል ደግሞ ውሃው ከላይ፣ ከተራራው ማጠራቀሚያ ተነሥቶ በወፍራም ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ፣ በእኛው ቤት ጓሮ አድርጎ፣ ወደ ታች ሰፈርና ወደ ጨርቅ ፋብሪካው ይወርዳል። ጆሮሽን ብታስጠጊበት ሲሄድ ይሰማሻል። ሚጢጢ ትንሽ ሳለች ጆሮዋን ለጥፋበት "አያቴ፣ ውስጡ ሰው አለ" ትለኝ ነበር።

አቤት አላላችሁም እንዳይሉን፣ ብለናል። ውሃ ቢሮ ተሰብስበን ሄድን። ያ መነጽራም ሰውዬ ካርታ ዘርግቶ ጣቱን አዟዟረና "ቦታው ለመኖሪያ የተፈቀደ አይደለም፤ እናንተ ካርታው ላይ የላችሁም" አለን። አንቺ "የለንም? እየነካካኸኝ ነው እኮ የምታወራው!" ብለሽ አሳቅሽን። እውነትም ክርኑ ነክቶሽ ነበር። ስቀን ወጣን፣ ስቀን ዳገቱን ወጣን፣ እቤት ስንደርስ ባዶ ጀሪካኖቻችንን አንሥተን መልሰን ወረድን። ለውሃ ሲሆን ካርታ ላይ አልተገኘንም። ለክስ ሲሆን ግን ፖሊስ ያለ ካርታ ቤታችን ድረስ መጣ።

ከዚያ የአናጢው ሚስት ወደቀች። ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ጀሪካኑን ተሸክማ ከመታጠፊያው ላይ ተንሸራተተች። ከሕክምና ባዶዋን ስትመለስ ሁላችንም ልናጽናናት ከበብናት፤ የሚባል ነገር ግን ጠፋ። ሬዲዮ ብለን የምንጠራት ያቺ ጎረቤታችን እንኳ፣ ወሬ አልቆባት የማታውቀው፣ መሬት መሬት ታይ ነበር። ያን ጊዜ ነው እኔ "ውሃው እኮ በደጃችን ነው የሚያልፈው" ያልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ያን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። በማግስቱ ቧንቧውን የምንበሳበትን ብረት እሳት ላይ ያጋልኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው ላይ የተጫንሽው አንቺ ነሽ፣ ክንድሽ ከኔ ስለሚበረታ። የቀዳዳውን ውታፍ ከእንጨት የቀረጸችው የአናጢው ሚስት ናት። ሌሎቹ ጀሪካን ይዘው ቆመው ነበር።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። እኛንም አሳሳቀን። ያን ሰሞን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ታጥቦ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለመለየት ተቸግረን ነበር። አንቺ የጎረቤቱን ብርድ ልብስ በሙሉ ሰብስበሽ አጠብሽ፣ አጥሩ ሁሉ ብርድ ልብስ ለበሰ። ሥርዓትም ነበረን። ቀድታ የጨረሰች ውታፉን በከመነዳሪ፣ በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠቅልላ ትመልሳለች፣ በድንጋይ ታጠብቀዋለች፣ ከሥሩ መዳፏን ዘርግታ እንደማያንጠባጥብ ታያለች፣ ከዚያ በሰፊው ድንጋይ ትከድነዋለች። አንዲት ጀሪካን የሸጠ የለም። ዐቃቤ ሕጉ "ለግል ጥቅሟ አውላዋለች" አለ። አዎ፣ ልብስ ታጥቢበት ነበር። ያጠብሽው የታች ሰፈር ሰዎችን ልብስ ነው። እሱ ራሱ ያን ቀን የለበሰው ነጭ ሸሚዝ በማን እጅ እንደታጠበ እንጃ።

ያን ጠዋት አልጽፈውም ብዬ ነበር፤ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልቻልኩም። ውሃው ለጥገና ተዘግቶ ሰንብቷል። ፀሐዩ ድንጋይ ይሰነጥቃል። አሮጌው ውታፍ በስብሶ ስለነበር የአናጢው ሚስት ከመዘጋቱ ትንሽ ቀደም ብላ አዲስ ቀርጻ ነበር። ባሏ ደረቅ እንጨቱን ሲነኩበት ስለሚቆጣ ከአጥራችን ዛፍ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጣ ነው የቀረጸችው። አሳምራ ስለቀረጸችው ሁላችንም አመሰገንናት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ እንደሚኮማተር የአናጢ ሚስት ጠፍቷት አይደለም፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር እንጨት መቼ ሊደርቅ ብላ ነው። ቧንቧው ራሱ ይደርቃል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም። ውሃው ሲነጋጋ በኃይል ተመልሶ ሲመጣ ውታፉን ተፋው። ወደ ላይ ቢፈናጠቅ ሰምተን እንሮጥ ነበር። የከደንንበት ድንጋይ ወደ ታች መለሰውና አፈሩን ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረ ወረደ። ከሥር የፋብሪካው መጋዘን ግንብ አለ። ዘበኛው ተረኛነቱን ጨርሶ፣ ጀርባውን ለግንቡ ሰጥቶ የጠዋት ፀሐይ እየሞቀ ሻይ ይጠጣ ነበር። ግንቡ ተናደበት።

የሰውየውን ነገር አሳንሼ መጻፍ አልፈልግም። ሞቷል። ደግ ሰው ነበር ይላሉ፤ ክፉም ቢሆን ኖሮ ሞቱ ያው ሞት ነው። ውሃ እንዳጣን ለአንድ መቶ ሰው ብናገር ሰውየው አይነሣም።

ፖሊሶቹ እርጥቡን አፈር እየተከተሉ ወጡ። ዱካው መጥቶ መጥቶ የእኛ ጓሮ ላይ ቆመ። "ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉ። ቤቱ የኔ ነው፤ መላው ሰፈር ያውቃል። አንቺ እጅሽ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ወጣሽና "የኔ ነው። የበሳሁትም እኔ ነኝ" አልሽ። ሴቶቹ በየደጃቸው ቆመው ነበር። አንዳቸውም አልተነፈሱም። እኔ አፌን ስከፍት ነው እጄን የጨበጥሽው፤ አረፋው እጄ ላይ ቀረ። የማን ቤት ከቧንቧው ጋር እንደሚጠጋ አይቶ ነው ሕጉ ወንጀለኛውን የመረጠው። ቧንቧው በሬዲዮ ጓሮ አልፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እሷ እዚያ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ።

ልጄ ከፍርዱ በኋላ መጣ። በር ላይ ቆሞ "ስሜን አሰደበችው" አለኝ። "ስምህን ለማሰደብ አንተ መቼ አነስክና" አልኩት። የወለድኩት ነው፣ ሲርበው ይርበኛል፤ ያን ቀን ግን ምግብ አላቀረብኩለትም። ሚጢጢን ጎንበስ ብሎ ሳማትና ሄደ። እሷም በደግነት ሳመችው፣ እንግዳ እንደሚሳም።

ጥየቃ ስመላለስ ሰልፍ ላይ ሰው ተዋወቅሁ። መቼም አፌ ሥራ አይፈታም። አንዷ እናት ልጇ የታሰረችው ጥብቅ ደን ውስጥ ከሰል ስታከስል ተይዛ ነው፤ ቤታቸው ከደኑ ጠርዝ ነው፣ ሌላ የሚታረስ መሬት የላቸውም። አንድ አባት ልጃቸው ኬላ ላይ ጨርቅ በሰውነቷ ጠምጥማ ስታሳልፍ ተያዘች፤ መንደራቸው ድንበሩ ላይ ነው፣ ገበያው ከወዲያ ማዶ። የሌላዋ እህት ደግሞ ባሏን በመጥረቢያ መታች። ስለ እሷ ምን ልበልሽ፤ ቤታቸው ከሌላ ቤት የራቀ ነው፣ ብትጮኽ የሚሰማ የለም፣ ስትጮኽ ነው የኖረችው። ስሰማ ሰንብቼ አንድ ነገር ገባኝ። ወንድ ወንጀል ፍለጋ ከቤት ይወጣል። የእናንተ ግን ደጃችሁ ድረስ መጥቶ ነው ያገኛችሁ። ይህን ስል ጥፋት የለባችሁም ማለቴ አይደለም። ዘበኛው ሞቷል ብያለሁ። ብቻ ስለ ጥፋታችሁ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ደጃችሁ አለማውራቱ ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ነቀዘው ዝምታዬ ልምጣ። የዘበኛውን ሚስት ልጠይቃት ሄድኩ። ለምን ሄዱ እንዳትዪኝ፤ ሰው ሞቶ እንዴት አልሄድም? እስከዚያ የዘገየሁት ፊት አጥቼ ነው። ከፋብሪካው ኋላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ትኖራለች። የባሏ ካፖርት በሩ ጀርባ ላይ እንደተሰቀለ ነው። የዚያች የታሰረችው አማት ነኝ ስላት አላባረረችኝም፤ በርጩማ ሳበችልኝ።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለችኝ። "ያቺን ልጅ ችሎት ላይ አየኋት። እኔም ሴት ነኝ፣ ውሃ ቀድቻለሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን ቧንቧ ስትበሳ፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ተጠምቶ ቆሞ አያያትም። ብቻዋን ናት?"

ዓይኔን ካፖርቱ ላይ ተከልኩ።

"ስምንት ዓመት ቢሏትም ሰማንያ ቢሏትም ለኔ ምንም አይደለም" አለች። "ግን ሌት ተቀን የምቀየመው ሰው አጣሁ። እሷን ልቀየም ስል ፊቷ ይመጣብኛል፤ ውሸቷን እንደሆነ ሆዴ ያውቃል። ለማዘን እንኳ እውነቱን ልወቅ እንጂ። ይሄን ያህል አይገባኝም?"

አንቺ ልጅ፣ እኔ ለአንቺ መሐላ ታምኜ እዚያች ሴት ፊት እንደ ግንድ ተቀመጥኩ። ዝምታዬ አንቺንም ሚጢጢንም ሲጠብቅ የኖረ መስሎኝ ነበር። ለካ የሰው ሐዘን ላይ ነው የተቀመጥኩት። እቤቷ ሳለሁ አልተናገርኩም። ደጅ ወጥቼ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ እግሬ እምቢ አለኝና ተመለስኩ። "ብረቱን ያጋልኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "ውሃው በደጃችን ነው የሚያልፈው ያልኩትም እኔ ነኝ። ሁላችንም ቀድተናል።" ይቅር ትለኛለች ብዬ አልነበረም፣ አላለችኝምም። ተነሥታ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆምኩ፤ አልወጣችም። በሩን በቀስታ ዘግቼ ሄድኩ። ያን ያህል ከብዶኝ፣ ያን ያህል ደግሞ ቀሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ሴቶቹን እቤቴ ጠራኋቸው። እንደ ድሮው መሬት ላይ ተቀምጠው አዩኝ። ወደ መርማሪው እንደምሄድ ነገርኳቸው። የአናጢው ሚስት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው" አልኳቸው። ያምራል ብዬ ነበር ያልኩት።

ሬዲዮ ወዲያው "እትዬ፣ እስራት ሎሚ አይደለም" አለችኝ። "እኔ ብታሰር ባለቤቴ በሳምንቱ ሌላ ያገባል። ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?"

እውነቷን ነው። እኔ አሮጊት ነኝ፣ የምፈታው ትዳር የለኝም፣ መድፈር ለኔ ርካሽ ነው። ለእነሱ ውድ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳቸው፦ "ኑ አላልኳችሁም። የምትቀሩ ግን ዝምታችሁ ሥራ ይኑረው። ሚጢጢን በየተራ ታሳድጋላችሁ። እናቷ ለናንተም ጭምር ነው የታሰረችው። ይሄን እምቢ የምትል አሁን ትናገር።" እምቢ ያለ የለም። ሬዲዮ አፍንጫዋን ጠርጋ "እኔ ጋ ትደር፤ ከኔ ልጆች ጋር ትተኛለች" አለች። በዚህ አንጀትሽ ይረፍ። ሬዲዮ ትለፈልፋለች እንጂ ልጅ አያያዟን ታውቂዋለሽ።

መርማሪው ወጣት ነው፣ ትሑት። ወንበር ሰጠኝ። የመጣሁበትን ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እማማ፣ ይሄ በራስዎ ላይ ከባድ ነገር ነው። ልጅዎ ናት?"

"ምራቴ ናት።"

"ምራትዎ?" አለና መዝገቡን ገለጠ። "ጎረቤቶች ሲመሰክሩ እኮ እሷና እርስዎ በየቀኑ ትጣሉ ነበር ብለዋል።"

"በየቀኑ አይደለም። እሁድ እሁድ እናርፍ ነበር።"

ሳቁን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። "እናቷ ቢሆኑ የእናት አንጀት ነው ብዬ ወደ ቤትዎ እሸኝዎ ነበር" አለኝ። "አማት ለምራቷ ብላ በራሷ ላይ ስትዋሽ ግን አላየሁም፣ ሰምቼም አላውቅ።" ከዚያ ይጽፍ ጀመር። አየሽ ጠባችን ለምን እንደበጀ! ተፋቅረን ኖረን ቢሆን ማን ያምነኝ ነበር?

ቃሌን ሰጥቼ ልወጣ ስል የአናጢው ሚስት በሩ ላይ ቆማለች። ባሏ አብሯት ነው፣ ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል። "እርጥብ እንጨት ነበር፤ እኔ ነኝ የቀረጽኩት" አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት መጡ። ሌሎቹ ደግሞ እግቢው በር ደርሰው ተመልሰዋል። አትቀየሚያቸው፤ እስከ በሩ መምጣታቸውም ለእነሱ ሩቅ መንገድ ነው።

መዝገቡ እንደገና ይከፈታል ተብሏል። ፍርዱ ተከፋፍሎ ያንቺ ይቀልል ይሆናል፣ ምናልባትም አይቀልልም፤ ሕግ አላውቅም፣ ተስፋ ሰጥቼ ላሞኝሽ አልፈልግም። እኛ የፊታችን ሰኞ እንቀርባለን። ዋስ የሚሆነኝ የለም፤ ልጄ ስልኩን አያነሣም። ከችሎት ወደ ቤት አልመለስ ይሆናል።

ለሚጢጢ ነገርኳት። ልጅ ነች ብዬ አልዋሸኋትም። "እናቴ ጋ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ። "ይመስለኛል" አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ "እኔንስ ለምን አታስገቡኝም፣ ከሁላችሁ ያልተፈቀደልኝ እኔ ብቻ ነኝ" አለች። ከዚያ አለቀስን፣ ሁለታችንም። ጸጉሯን ራሷ ማሰር እንደቻለች ንገሪልኝ ብላለች። ጠማማ ነው፣ ግን ይይዛል።

መሐላሽን አፍርሻለሁ። ይቅርታ አልልሽም፤ ብለምንሽም ከልቤ አይሆንም። ለልጅሽ አያት እንድሆንላት ብለሽ ነበር ዝም ያሰኘሽኝ፤ እኔ ደግሞ አድጋ "ያኔ የት ነበርሽ?" ስትለኝ የምመልሰው ነገር ይኑረኝ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሁለታችንም ለእሷ ብለን ነው። አሁን ገና እንደ አንሶላ ጨማቂ ወደ ተለያየ አቅጣጫ ጠመዘዝን ማለት ነው።

ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዲስ ገቢ ሲጠራ ብቅ በዪ። ከጎንሽ የምትተኛ ካለች ቀስ ብለሽ ቦታ እንድትቀይርልኝ ለምኚልኝ፤ እንደማንኮራፋ አስቀድመሽ አትንገሪያት። ቁጣሽን ሁሉ እስከዚያ አጠራቅሚው፣ እቀበልሻለሁ። እስከ ዛሬ ብቻሽን ተሸክመሻል፤ በቃሽ።

አብራሽ የተከሰሰችው፣
አማትሽ